በ64 ዓመቴ ምንጣፍ የፈራሁበት ቀን

ባለፈው ዓመት ለጉልበቴ ሕክምና አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሐኪሙ ራጁን አገላብጦ አየና «ሲስተር፣ መገጣጠሚያው በዕድሜ የመጣ ነው፤ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ግን ማጠንከር ይችላሉ። ይንቀሳቀሱ» አለኝ። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ለሌላው ስናገረው የኖርሁትን ቃል ለእኔው መለሰልኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። «እማዬ፣ ሰፈራችን ውስጥ ዮጋ የሚያሠሩበት ቤት አለ፤ አብሬሽ እሠራለሁ» ብላ ቅዳሜ ጠዋት ይዛኝ ሄደች።

በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ውስጥ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ወጣት ሴቶች ጠባብ ሱሪ ለብሰው በየምንጣፋቸው ላይ ይዘረጋሉ፣ ይተጣጠፋሉ። ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለ። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ረጅም ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚት። አሠልጣኟ ፈገግ ብላ «ይግቡ እማማ» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፤ እኔ ግን ሁሉም ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። «ለዛሬ ልመልከት ብቻ» ብዬ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አምስት ደቂቃም አልቆየሁ፤ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ልቤ ይመታል። በመተማ ቆላ በእኩለ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ያዋለድሁ፣ እባብ የነደፈውን የሰሊጥ አራሚ የተቀበልሁ፣ በካላዛር የመነመነ ወጣት ያስታመምሁ ሴት ነኝ። ያን ሁሉ ያልፈራሁ፣ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ፈራሁ።

ወደ ገንዳ ውኃ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንዲት የድሮ ታካሚዬ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ገበያ ላይ ተቀምጣ የምትነግድ፣ ስኳር ያለባት ሴት ነበረች። በየቀጠሮዋ «በቀን 30 ደቂቃ ተራመጂ» እላታለሁ፤ «እሺ ሲስተር» ትለኛለች፤ አትራመድም። አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፍታ «ሲስተር፣ ያለ ጉዳይ ስዞር ቢያዩኝ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። እኔም ካርዷ ላይ «ምክር አትቀበልም» ብዬ ጻፍሁ። ያን ካርድ ዛሬ ባገኘው እሰርዘው ነበር። ሴትዮዋ ምክሬን አልናቀችም፤ አፍራ ነበር። እኔ ከዮጋው ቤት ያስወጣኝም ያው ሐፍረት ነው።

በእኛ አገር ይህ ሐፍረት ምክንያት አለው። በመተማና በአካባቢው ቆላ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ማለት ሥራ ማለት ነው። ክረምት ላይ ሰሊጥ ሲያርም ጎንበስ ብሎ የዋለን ሰው «ስፖርት ሥራ» ቢሉት ይስቃል። ነገር ግን ያው ወገብ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የታጠፈው፤ የሚያቃናው የለም። ሱቅ ውስጥ የሚውለው፣ ጡረታ የወጣው፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ደግሞ ቀኑን በመቀመጥ ይጨርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከረፋዱ በኋላ ከቤት መውጣትም ጭንቅ ነው።

እናም ስለ ዮጋ ማንበብ ጀመርሁ። ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ ሥሩ «ማጣመር» ማለት ነው፤ በሬን በቀንበር እንደምናጣምድ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል። ይበልጥ የገረመኝ፣ ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ መሆኑ ነው። የእኛው የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው።

ዮጋ ከህንድ ሃይማኖቶች ጋር አብሮ ያደገ መሆኑንም አነበብሁ፤ ይህ ብዙ ምእመናንን የሚያሳስብ ነገር ስለሆነ አልደብቅም። እኔንም አሳስቦኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። አባ ጥቂት ዝም ብለው «ወገብሽን ለማዳን ነው ወይስ ለመስገድ?» አሉኝ። «ለወገቤ ነው አባ» አልሁ። «እንግዲያው ዝማሬያቸውን ተዪው፤ ወገብሽ ሲድን ግን ለእግዚአብሔር የምትሰግጂው እንዳይቀር» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የስቅለትን ስግደት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር ያሳለፍሁት።

መጀመሪያ የረዳችኝ ጎረቤቴ ናት። ሙስሊም ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ሳታስደግፍ ብድግ ስትል ሁልጊዜ እቀና ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ አሰላሁት። በቀን አምስቱ ሶላት 17 ረከዓ ነው፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ፣ በድምሩ 34 ጊዜ ግንባሯ መሬት ይነካል። እሷ ለአምላኳ ብላ እንጂ ለጉልበቷ ብላ አይደለም የምትሰግደው፤ ሆኖም ጉልበቷ አልዛገም። የኛ እናቶችስ በዐቢይ ጾም ስንት ስግደት ይሰግዱ ነበር! መጎንበስና መነሣት ለሰውነታችን ባዕድ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሐሳቤን ስነግራት ሳቀች። «ሲስተር፣ ሰው እንዳያይሽ ከፈለግሽ ጎህ ሲቀድ እኔ ግቢ ነይ» አለችኝ። ነጋዬን ሰሌን አነጠፍን። በመጀመሪያው ቀን ከሰሌኑ ለመነሣት እሷን መያዝ ነበረብኝ፤ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። መስታወት የለም፤ የሚያየን ዶሮ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች «ምንድን ነው የምትሠሩት?» ብለው መጡና አብረውን ተቀመጡ።

መጀመር ለሚፈራ ሰው እኛ የምንሠራውን ልንገራችሁ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለን እንቀመጣለን፤ በአፍንጫ አራት እየቆጠርን እናስገባለን፣ ስድስት እየቆጠርን እናስወጣለን። ከዚያ እጃችንን ሳንጠቀም ከወንበሩ አምስት ጊዜ እንነሣለን፣ እንቀመጣለን። ግድግዳ ይዘን በአንድ እግር አሥር እስክንቆጥር እንቆማለን። በእጅና በጉልበት ተንበርክከን እንደ ድመት ጀርባችንን ቀስ ብለን ወደ ላይ እናጎብጣለን፣ ወደ ታች እናለጥጣለን። ጉልበቷን የሚያማት ከሥር ነጠላ አጥፋ ታድርግ። በመጨረሻ በጀርባችን ተኝተን ትንፋሻችንን እናዳምጣለን። በጠቅላላ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምራል። ሚዛን ቀላል ነገር አይደለም። አረጋዊ ሰው ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ፣ ከአልጋ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

ጥንቃቄውንም እንደ ነርስ ልናገር። የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ወደ ታች የሚዘቀዝቅ እንቅስቃሴ አይሥራ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ወገቡን በኃይል ወደ ፊት አይጠፍ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከረሜላ ወይም ስኳር አጠገባችሁ ይኑር። ተኝታችሁ ስትነሡ መጀመሪያ በጎን ዞራችሁ ተቀመጡ፣ ከዚያ ቁሙ። ቆላ ያላችሁ ፀሐይ ሳይወጣ ጨርሱ፤ ውኃም ጠጡ። መሳሳብ ይሰማል፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን አቁሙ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ታካሚን «ተንቀሳቀሱ» ብላችሁ ካርዱን ከመዝጋታችሁ በፊት «የት? ከማን ጋር? ምን ያሳፍርዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጡረታ ወጣሁ።

ዘንድሮ በስቅለት ዕለት ወንበር አልያዝሁም። ነጠላዬን አደግድጌ ከሴቶቹ መካከል ቆምሁ። ከሌሎቹ እኩል አልሰገድሁም፤ ሲደክመኝ አረፍሁ፣ ደግሞም ቀጠልሁ። ስነሣ ግን የማንንም ትከሻ አልያዝሁም። ማታ ቤት ስገባ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «ሲስተር፣ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ሰሌኑን አንጥፊ» አልኋት።