ንድፍ መማር፦ ዐይንን ማሠልጠን፣ ልብን ማሳረፍ
ንድፍ የታየን ወይም የታሰበን ነገር በመስመርና በጥላ ወረቀት ላይ የማስፈር ጥበብ ሲሆን፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የሥዕል ሁሉ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል።

ንድፍ መማር ዐይንን ከማሠልጠን አልፎ ልብንም ሊያሳርፍ ይችላል፤ ሥዕልን ከፈውስ ጋር ማያያዝም ለደቡብ ወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተዘጋጀው ባለ ሥዕል ወንጌል የአካባቢውን የብራና ጥበብ ዕድሜ ሲመሰክር፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደብተራዎች የሚያዘጋጁት ክታብ ደግሞ ሥዕል ለሕሙማን ሲታዘዝ እንደኖረ ያሳያል። ክታቡ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተዘጋጅቶና የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መካከል ገብቶ፣ ጠልሰም በሚባሉ የመላእክት፣ የሐረግና አፍጥጠው የሚመለከቱ ዐይኖች ምስሎች ይሞላል፤ በልማዱ እምነት በሽተኛው ጠልሰሙን ሲመለከት ያደረበት ክፉ መንፈስ ይሸሻል።

በዘመናዊው የሥዕል ሕክምና ግን ተመልካች የነበረው ታማሚ ራሱ ሠዓሊ ይሆናል። ለዚህ ሙያ እ.ኤ.አ. በ1942 ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ሲሆን፣ የመሳልን ጥቅም የተረዳው በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሲያገግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ አነስተኛ ጥናትም 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ የፈጠራ ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ ከውጥረት ጋር የተያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ከመካከላቸው በሦስት አራተኛው ላይ መቀነሱንና የቀደመ የሥዕል ልምድ መኖር አለመኖሩ የጎላ ልዩነት አለማምጣቱን አመልክቷል።

ንድፍ ሲማር ጀማሪን የሚያስቸግረው ከእጁ ይልቅ ዐይኑ ነው፤ ጀበና ሳል ሲባል ፊቱ የተቀመጠውን ትቶ በሐሳቡ የያዘውን ይስላልና። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያይ የጀበናውን ጠርዝ በዐይኑ እየተከተለ መስመር ይስባል፤ ቀጥሎ በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻም ብርሃንና ጥላውን ይነድፋል። እንዲህ ያለው ልምምድ ሙሉ ትኩረት ስለሚጠይቅ አእምሮ ከሚያብሰለስለው ጭንቀት ለጊዜው ያርፋል፤ በየዕለቱ ያልታየው ነገር መታየት ሲጀምር ደግሞ ፈጠራ መንገድ ያገኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ለተፈተኑት ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ያለው የአእምሮ ዕረፍት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ንድፍ የአእምሮ ሐኪምን አይተካም፤ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ይሁን እንጂ የጦሳን ተራራ ወይም የቦርከናን ወንዝ ለመንደፍ እርሳስና ወረቀት ይበቃልና፣ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ቢመድቡለት ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙም ብዙ ይሆናል።