ባዕድ አገር ጆሮ ይከፍታል

ከጎጃሟ መርጡለ ማርያም ተነስቶ ውጭ አገር የገባ ወጣት በባዕድ ሙዚቃ ተስቦ የአገሩን ዜማ ይረሳል የሚል ስጋት አለ። የሙዚቃ ታሪካችን ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ጅማ የተወለዱት ሙዚቀኛ ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ከዌልስና ከለንደን ቀጥለው ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጃዝን አጠኑ፤ ኒው ዮርክ ደግሞ የላቲን ምትን አስተማረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ አልበሞቻቸውን አሳተሙ። ኢትዮ ጃዝ የተወለደውም ከዚሁ የስደት ትምህርት ነው።

ቅልቅሉ ቅኝቱን ይበርዛል የሚሉ አሉ። ሆኖም ሙላቱ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን መሠረት አድርገው በቫይብራፎን ተጫወቱ እንጂ አልጣሏቸውም። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም የፒያኖ ሥራዎቻቸው የአገር ቤት መዓዛ አልተለያቸውም። ስልክ ሁሉን ያመጣልናል፤ መሰደድ ምን ያደርጋል የሚለውም ሙግት በከፊል ብቻ እውነት ነው። ስልክ በአብዛኛው የሚያቀርብልን ቀድመን የወደድነውን የሚመስል ዘፈን ነው፤ የጎረቤት ሠርግና የሰፈር ድግስ ግን ያልመረጥነውንም ያሰሙናል። ትውውቁ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይፈስም፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምረው ባዘጋጇቸው «ኢትዮፒክስ» አልበሞች የእኛን የቆዩ ሸክላዎች ዓለም ሰምቷል። ስለዚህ በባዕድ አገር የምትኖሩ ሁሉ የጎረቤታችሁን ሙዚቃ ሳትፈሩ ስሙ፤ የጎጃምን ማሲንቆም አሰሟቸው።