የእንቅርት መድኃኒትና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ድካም

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ ይነገራል። አባቶቻችን ለምሳሌ እንቅርትን መምረጣቸው፤ በሽታው በደጋው አገር በዓይን የሚታይ ስለ ነበረ መሆኑን መገመት አያዳግትም። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ይህ የአንገት እብጠት ከምን እንደሚመጣ፤ መድኃኒቱን ለማግኘት የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንዴት እንደ ደከሙና ድካማቸው ለደገኛው ምን እንደሚጠቅም ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመንዝን ከተማ መሐል ሜዳን እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፤ ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፤ በግ የሚረባባት ብርዳም ደጋ ናት። እንዲህ ባለው ተራራማ አገር ለብዙ ዘመን የወረደው ዝናም አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይወስድበታል። አፈሩ የሌለውን እህሉ ከየት ያመጣል? እህሉስ የሌለውን ሰው ከየት ያገኛል?

በአንገታችን ፊት ለፊት፤ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የሚመስል ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ይህ ዕጢ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወጥቶ በደም መንገድ ለሌላው የሰውነት ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነትን ሙቀት፤ የልጅን እድገትና የአእምሮን ብስለት ያዝዛል። ዕጢው አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ይታገላል፤ በትግሉም ያብጣል። እንቅርት የምንለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

አዮዲን የተገኘው በ1811 ነው፤ ያገኘውም ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ ከባሕር አረም ዐመድ ላይ ነበር። በ1820 ኯንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ለእንቅርት በሽተኞች ሰጠው። ሆኖም ዕጢው በአዮዲን ምን እንደሚሠራበት ገና አልታወቀም ነበር።

ይህን ምስጢር ለመፍታት የተነሣው አሜሪካዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ኬንዳል ነው። በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በማዮ ክሊኒክ ሲሠራ፤ በ1914 በልደት ዕለት የሆርሞኑን ንጹሕ ቅንጣት ለይቶ አወጣ፤ ስሙም ታይሮክሲን ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ 3 ቶን ከሚጠጋ የዐሣማ ዕጢ ያገኘው 33 ግራም ብቻ ነበር። በዚህ ዐይነት የዓለሙን በሽተኛ ሁሉ ማዳረስ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሥራው በሌሎች እጅ ቀጠለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሃሪንግተን በ1926 የሆርሞኑን ትክክለኛ አሠራር ገለጠ፤ በ1927ም ከጆርጅ ባርገር ጋር ሆኖ ያለ እንስሳ ዕጢ በላቦራቶሪ ሠራው። ከታይሮክሲን ክብደት ከመቶ 65 እጁ አዮዲን መሆኑም ታወቀ። ዛሬ ዕጢው ለደከመበት ሰው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው እንክብል የዚሁ ምርምር ፍሬ ነው። ኬንዳል ራሱ በዚህ ሳይወሰን ስለ ኮርቲዞን ሆርሞን ባደረገው ምርምር በ1950 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎአል።

ነገር ግን እንክብሉ የማይመልሰው ጉዳት አለ። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ክፉኛ ካጣች፤ የሚወለደው ልጅ አእምሮው ሊዘገይ፤ ጆሮው ሊደነቍር፤ ቁመቱም ሊያጥር ይችላል። በማኅፀን ያመለጠውን የአእምሮ እድገት ኋላ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከማዳን ይልቅ መከላከል ይበልጣል።

መከላከያውም በእጃችን ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን የአንድ ግራም 150 ሚሊዮንኛ ነው፤ ለሰባ ዓመት ዕድሜ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ስዊትዘርላንድ በ1922፤ የአሜሪካው ሚሺጋን በ1924 አዮዲንን በጨው ቀላቅለው ለሕዝባቸው ማደል ጀመሩ። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2011 ባወጣው ደንብ ቍጥር 204 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ታዝዞአል።

ይሁን እንጂ ደንብ ብቻውን ወጥ አያጣፍጥም። አዮዲን በፀሐይና በርጥበት እየተነነ ይጠፋል። በአፋር ምድር ተመርቶ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው በመንገድ ዝናም ቢመታው፤ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፤ እናቲቱ የምትገዛው ባዶ ጨው ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን በጥቂት ጠብታ ጨው የሚፈተንበት መመርመሪያ አለ፤ ጨው አዮዲን ካለው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል።

እንግዲህ በደጋው አገር በሥራ ላይ የተሰማራህ ወጣት፤ ነጋዴው ጨዉን ከጥላ ሥር እንዲያኖር፤ ባልትና የምታውቀው እናትም በክዳን ዕቃ አስቀምጣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንድትጨምረው ማስረዳት የአንተ ፈንታ ነው። ኬንዳል ከ3 ቶን ዕጢ ያወጣው ዕውቀት፤ በአንዲት ቁንጥር ጨው ከመሐል ሜዳ ማጀት ሊገባ ይችላልና።