ገብሱና ጓሳው

መንዝ የገብስ አገር ነው። በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ከሚታጨደው ገብስ ቆሎ ይቆላል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጓሳ አለ። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው የሣር ምድር ነው። በጓሳው ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል። የቱንም ያህል ቢርበው ግን ጓሳ አጭዶ የሚበላ ሰው የለም። ቢበላውም ሆዱ ምንም ሳያገኝበት ያልፋል።

ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ የገብሱን ስታርችና የጓሳውን ጭረት ወደ መሠረታቸው ብንፈታቸው ከሁለቱም የምናገኘው አንድ ዓይነት ስኳር ነው። ስሙ ግሉኮስ ይባላል። 6 የካርቦን፣ 12 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ከገብስም ይምጣ ከጓሳ ልዩነት የለውም። ታዲያ አንዱ ምግብ፣ ሌላው ክዳን የሆነው በምን ምክንያት ነው? ግሉኮሶቹ እርስ በርስ በታሰሩበት አኳኋን ነው። ሰውነታችንን ለመረዳት ከምን እንደተሠራ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ምን ከምን ጋር፣ እንዴትና ምን ያህል አጥብቆ እንደታሰረ ማየት ያስፈልጋል።

ከመቁጠሩ እንጀምር፤ እሱ አጭር ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ የመንዝ ልጅ የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደተፈጠረ ይማራል። ኬሚስቶች የሰውን አካል ሲመዝኑ ደግሞ 96 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ክብደት አራት ንጥረ ነገሮች ይዘውት ተገኝተዋል፤ ኦክስጅን 65፣ ካርቦን 18፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 3 በመቶ። ቁጥሩ መግጠሙ ደስ ይላል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ትርጉም አልፈልግበትም፤ ሁለቱ ትምህርቶች የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። በቀረው 4 በመቶ ውስጥ ካልሲየም፣ ፎስፎረስ፣ ድኝ፣ ብረትና ሌሎችም አሉ። ብረቱ በአንድ ጎልማሳ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ጥቂት ቢመስልም በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ማሰሪያው። መቀናጆን የማያውቅ የደጋ ገበሬ የለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ጥማዱ የጋራ ይሆናል፤ ሁለቱም ያርሱበታል። አቶሞችም አብዛኛውን ጊዜ የሚተሳሰሩት እንዲሁ ነው። እያንዳንዳቸው አንዳንድ ኤሌክትሮን ያዋጣሉ፤ ጥንዱ የጋራ ይሆናል። ኮቫለንት የሚባለው ትስስር ይኸው ነው። ሃይድሮጅን የሚቀናጀው ከአንድ ጎረቤት ብቻ ነው። ኦክስጅን ከሁለት፣ ናይትሮጅን ከሦስት፣ ካርቦን ከአራት መቀናጀት ይችላል። የአብዛኞቹ የሕይወት ሞለኪውሎች አከርካሪ ካርቦን የሆነውም በዚህ ነው፤ ባራቱም አቅጣጫ እጁን የሚዘረጋ ጎረቤት በመሆኑ ረጅም ሰንሰለትም፣ ቀለበትም፣ ቅርንጫፍም ይሠራል።

ግሉኮሶቹ ገብስ ውስጥ ሲታሰሩ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ፊታቸውን አዙረው ነው፤ ሰንሰለቱ እየተጠማዘዘ እንደ ጥቅልል ይሆናል። ጓሳው ውስጥ ግን አንዱ ወደ ላይ ቢሆን ቀጣዩ ተገልብጦ ይታሰራል። ይህች መገልበጥ ብቻ ሰንሰለቱን ቀጥ ታደርገዋለች፤ ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጋድመው እየተያያዙ ይጠነክራሉ። ስሙ ሴሉሎስ ነው። ገመድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምራቃችን ውስጥ አሚላዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። የገብሱን ዓይነት ቋጠሮ ይፈታል፣ የጓሳውን ዓይነት አያውቀውም። ይህን ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። ስኳር ያልነካው የገብስ ዳቦ ቁራሽ አፍዎ ውስጥ ይጨምሩና ሳይውጡ ደጋግመው ያኝኩት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይጣፍጥዎታል፤ ስታርቹ እየተፈታ ስኳር መሆን ጀምሯል ማለት ነው። ጠላ ጠማቂዋም ይህንኑ ሥራ በብቅል ታሠራዋለች። እህሉ ሲበቅል የራሱን አሚላዝ ያወጣል፤ ስታርቹን ይፈታዋል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ተቀብሎ ወደ አልኮልና ወደ አረፋው ጋዝ ይለውጠዋል።

በጉስ? የመንዝ በግ ሣሩን ራሱ ፈትቶት አይደለም። ጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይፈቱለታል። ጓሳ ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳም ሣሩን ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ባሉ መሰል ረዳቶች እያስፈላ ይጠቀምበታል። ላሟ ሳትፈታው የቀረው ደግሞ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ እሳት ይፈታዋል።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ይዘነው የወጣነው ስሕተት አለ። ጉልበት የሚገኘው «ትስስሩ ሲበጠስ» ነው እንላለን። የተገላቢጦሽ ነው። ቋጠሮ መፍታት ሁልጊዜ ያስከፍላል፤ የሚከፍለው መቋጠሩ ነው። በሶ የበላ ሰው የሚሞቀው የግሉኮሱ ትስስር ስለተበጠሰ ሳይሆን፣ ከበሶው የወጣው ካርቦንና ሃይድሮጅን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር ይበልጥ በጠበቀ ትስስር ታስሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ስለሆነ ነው። ለመፍቻ የወጣው ከመቋጠሪያው ከሚገኘው ያነሰ ነው፤ ትርፉ እኛን ያቆመናል። የምድጃው ኩበትም ሒሳቡ ያው ነው፤ ሰውነታችን ግን ሥራውን በብዙ ትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ፣ በ37 ዲግሪ ያለ ነበልባል ይሠራዋል።

ጨው ሌላ ዓይነት ነው። ሶዲየም በሬውን አይቀናጅም፤ ለክሎሪን አሳልፎ ይሰጣል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ ሆነው ይሳሳባሉ፤ አሞሌውን እንደ ድንጋይ ያጠጠረው ይህ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ይበተናል፤ ሶዲየሙ በደማችንና በነርቮቻችን ውስጥ ብቻውን ይዞራል።

ውሃ ግን ቆም ብለን ብናየው ይገባዋል፤ ከሰውነታችን ክብደት ከግማሽ በላይ ነውና። በውሃ ውስጥ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅኖች ተቀናጅተዋል፣ መቀናጆው ግን ፍትሕ የለውም። ኦክስጅን ጥማዱን ወደ ራሱ ያደላል። ስለዚህ የኦክስጅኑ ወገን ትንሽ ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ወገን ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል። የሃይድሮጅን ትስስር ይህ ነው። ጥንካሬው ከዋናው ትስስር ከሃያ አንድ ገደማ ቢሆን ነው፤ ዓይን ከመጨፈን እጅግ ባነሰ ጊዜ ይያዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይያዛል።

መሐል ሜዳ ያደገ ሰው ይህን በድስት ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ጫና አነስተኛ ነው፤ ውሃው ከእነዚህ ልቅ ቋጠሮዎች ቶሎ አምልጦ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የባቄላው ንፍሮ እሳት ላይ አልበስል ብሎ የሚያመሸው እንጨቱ ከፍቶ አይደለም፤ ድስቱ ውስጥ ያለው የፈላ ውሃ ከቆላው የፈላ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በውርጭ ወራት ደግሞ እነዚሁ ቋጠሮዎች ረግተው የውሃውን ሞለኪውሎች አራርቀው ያቆሟቸዋል፤ በረዶ ከውሃነቱ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በውርጭ የተመታ ባቄላ ጠዋት ጠቁሮ የሚገኘው በረዶው ሕዋሶቹን ስለሚጎዳቸው ነው።

ጥብቁንና ልቁን ትስስር አንድ ላይ ለማየት ከበግ ጠጉር ከሚሠራው ከባና የተሻለ ነገር አላውቅም። ገበያ ላይ ባና የሚገዛ ብልህ ሰው ሻጩን «ጋሼ፣ አንድ ክር ልምዘዝ?» ይላል። «ምዘዝ ልጄ፣ ምን ከልክሎህ!» ካሉት ክሯን በክብሪት ይለኩሳታል። የበግ ጠጉር ከሆነች ቶሎ አትያያዝም፤ እየተኮማተረች ታርራለች፤ በጣት ሲነኳት ትፈረፈራለች፤ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ሽታ ይወጣል። ሰው ሠራሽ ከሆነች ቀልጣ እንደ ዶቃ ትድበለበላለች።

ያ ሽታ በአብዛኛው የድኝ ነው። የበግ ጠጉር፣ የሰው ጠጉር፣ ጥፍርና ቀንድ የተሠሩት ከአንድ ወገን ፕሮቲን፣ ከኬራቲን ነው። በኬራቲን ሰንሰለቶች ላይ ድኝ አለ፤ የአንዱ ሰንሰለት ድኝ ከሌላው ድኝ ጋር ተቀናጅቶ ሰንሰለቶቹን ይቆልፋቸዋል። በነዚህ ቁልፎች መካከል ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ልቅ የሃይድሮጅን ትስስሮች አሉ። አዲስ አበባ ጠጉሯን በፒያስትራ ያስተኛች ልጅ ዝናብ ሲነካት ጠጉሯ ወደ ነበረበት የሚመለሰው፣ ሙቀቱ የነካው ልቆቹን ብቻ ስለሆነ ነው። የድኙን ቁልፍ የሚከፍተው ኬሚካል ነው፤ እሱ ከተከፈተ ውሃ አይመልሰውም።

የበግ ጠጉር በርኖስ ለብሶ ጉም ውስጥ የሚያድር እረኛም በዚሁ ልቅ ትስስር ይጠቀማል። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ይዞ እርጥብ ሳይመስል ይቆያል። መቋጠር እንደሚከፍል ደግሞ ቀደም ብለን አይተናል፤ እርጥበቱም ከጠጉሩ ጋር ሲተሳሰር ጥቂት ሙቀት ይለቃል። በርኖስ ብርዱን ማገድ ብቻ ሳይሆን ጉሙን ሲጠጣ በመጠኑ ያሞቃል።

አሁን ወደዚያች ብረት። ዝናብ ላይ ያደረ ማረሻ ይዝጋል፤ ብረትና ኦክስጅን ውሃ ባለበት ከተገናኙ በቀላሉ የማይፈታ ቋጠሮ ይቋጠራሉ። ደማችን ውስጥም ብረትና ኦክስጅን ይገናኛሉ፣ እዚያ ግን መዛግ የለባቸውም። ሄሞግሎቢን የሚባለው የቀይ ደም ፕሮቲን አራት የብረት አቶሞችን እያንዳንዳቸውን በኪስ ከቶ ይጠብቃቸዋል። ኦክስጅን ወደ ኪሱ ይገባል፣ ብረቱን ይይዛል፣ ግን አጥብቆ አይይዘውም። ሳንባ ውስጥ ተይዞ ጡንቻ ጋ ሲደርስ መለቀቅ አለበት። ሕይወታችን የተንጠለጠለው በዚህ መካከለኛ ቋጠሮ ላይ ነው።

መሐል ሜዳ ላይ አንድ ሰው በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ሲሶ ገደማ ያንሳል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ስሜን ተራራ ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። በአንዲስ ተራሮች እንዳሉት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በዝቶ፣ በቲቤት እንዳሉት የደማቸው ኦክስጅን ቀንሶ ይገኛል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ካለ ሰው ብዙም አይለይም፤ በኦክስጅን የተሞላው መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ጥናቱ መንዝ ላይ የተደረገ አይደለም፤ ለደጋ ሰው ሁሉ ግን የሚነገር ወሬ ነው።

ይህን ሁሉ የተራራ ብልሃት በአንድ ሌሊት ከንቱ የሚያደርግ ሞለኪውል አለ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን ማግኘት ሲገባው አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሄሞግሎቢን ኪስ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የተመረዘው ሰው ተራ አየር ቢተነፍስ እንኳ የጋዙ ግማሽ እስኪለቅ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ኦክስጅንንና ይህን ጋዝ ስለማይለያቸው ደኅና ነው ብሎ ሊያታልል ይችላል።

«ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» ማለት ዋስትና አይሆንም። ገዳዩ ከጭሱ ጋር ብቻ አይወጣም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ማንደጃ ያለበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድብታ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ደጅ ውጡ፤ የተኛ ሰው ካለ አውጡት፤ ሐኪም ቤት ስትደርሱም ከሰል መኖሩን ንገሩ። ዛሬ ማታ ብርዱ ቢጠና ባናውን ደርቡ፣ ማንደጃውን ግን ከመተኛታችሁ በፊት ከቤት አውጡት።