ለፒካፕ መኪና አዲስ ጎማ አመራረጥ፦ ልኩ፣ የመሸከም አቅሙና ዕድሜው

መግቢያ

ስለ ምርት ብክነት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ ትኩረታችን በአጨዳ፣ በውቂያና በጎተራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ምርት ከማሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይም ይባክናል። ከመካከላችሁ በግልም ሆነ በቡድን ፒካፕ ገዝታችሁ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጤፍ የምታጓጉዙ አላችሁ። የዓመት ልፋታችሁም ሆነ የእናንተ ሕይወት በእነዚያ አራት ጎማዎች ላይ ያርፋል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ በምከታተለው ቀጠና ያሉ አንድ ብርቱ አርሶ አደር የደረሰባቸው ነገር ነው። የኋላ ሁለት ጎማዎቻቸው ሲያልቁ ከተማ ሄደው “ልኩ አንድ ነው” ተብለው ረከስ ያለ አዲስ ጎማ ገዙ። ልኩ በእርግጥም አንድ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 10 ኩንታል ሽንኩርት ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ የግራው የኋላ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ስለዞረ እሳቸውና ልጃቸው ተረፉ፤ ሽንኩርቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጎማውን ሳየው ጥርሱ ገና አዲስ ነበር። ስህተቱ ከልኩ ቀጥሎ በሚጻፈው ነገር ላይ ነበር፤ እሱን ያነበበ ሰው አልነበረም።

በመሆኑም የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክት አንድ ነው፦ ጎማ የሚመረጠው በዋጋውና በጥርሱ መልክ ሳይሆን በመኪናው ልክ፣ በሚሸከመው ኪሎና በዕድሜው ነው።

1. መጀመሪያ የመኪናችሁን ልክ እወቁ

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በበሩ ጠርዝ ወይም በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ አምራቹ የፈቀደው የጎማ ልክና የነፋስ መጠን ሰፍሯል። መኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለውም በእሱ ውስጥ ይገኛል። አሁን መኪናው ላይ ያለውን ጎማ ብቻ አይታችሁ “ይህንኑ ስጠኝ” አትበሉ። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት ልኩን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የበሩን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

2. በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ምርጥ ዘር ስትገዙ በከረጢቱ ላይ ዝርያውን፣ የተመረተበትን ዓመትና የብቅለት መጠኑን ታያላችሁ። ጎማም እንዲሁ ስለ ራሱ የሚናገር ጽሑፍ በጎኑ ላይ አለው። ለምሳሌ “215/65 አር 16 ሲ 109/107” የሚል ጽሑፍ ብታገኙ ትርጉሙ እንደሚከተለው ነው (ፊደላቱ በጎማው ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ)፦

• 215 — የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር።
• 65 — የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያሳያል።
• አር — ጎማው ራዲያል ነው ማለት ነው። እንደ 7.50-16 በ“አር” ፈንታ ሰረዝ ካለ በቀድሞው አሠራር የተሠራ፣ ራዲያል ያልሆነ ጎማ ነው።
• 16 — የቸርኬው ልክ በኢንች። ይህ ቁጥር ከቸርኬያችሁ ጋር ያለ ምንም ልዩነት አንድ መሆን አለበት።
• ሲ — ለጭነት ሥራ የተሠራ ጠንካራ ጎማ መሆኑን ይገልጻል። ከልኩ ፊት “ኤል ቲ” የሚል ካለም ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው። ከፊት “ፒ” ካለ ግን ለቤት መኪና የታሰበ ነው።
• 109/107 — የመሸከም አቅም መለያ። የመጀመሪያው ለነጠላ ጎማ፣ ሁለተኛው ጎን ለጎን ለሚታሰር ጥንድ ጎማ ነው። ፒካፕ በየጎኑ ነጠላ ጎማ ስላለው የመጀመሪያውን ተመልከቱ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ፊደል የፍጥነት ጣሪያን ያሳያል። ለምሳሌ “ኪው” በሰዓት 160፣ “ኤስ” ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በበሩ ላይ ወይም በመመሪያው ከተጻፈው ያላነሰ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል።

3. የመሸከም አቅም፦ ከሁሉ በላይ የሚታየው

የመሸከም አቅም መለያው ኪሎ አይደለም፤ ኪሎውን የሚያመለክት ቁጥር ነው። በፒካፕ ጎማዎች ላይ የምታገኟቸው የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦

• 98 — 750 ኪሎ
• 104 — 900 ኪሎ
• 108 — 1,000 ኪሎ
• 109 — 1,030 ኪሎ
• 110 — 1,060 ኪሎ
• 112 — 1,120 ኪሎ

አሁን ከላይ ያነሣሁትን አደጋ በስሌት እንመልከት። 215/65 አር 16 የሚል ጎማ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው “ሲ” የሌለው፣ መለያው 98 የሆነ ነው። ሁለተኛው “ሲ” ያለው፣ መለያው 109 የሆነ ነው። ሁለቱም በአንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ ቢቆሙም በዓይን አይለዩም። የሚሸከሙት ግን አንዱ 750፣ ሌላው 1,030 ኪሎ ነው። በአንድ ጎማ 280 ኪሎ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች 560 ኪሎ ልዩነት አለ። ይህ ከአምስት ኩንታል በላይ ነው።

መኪናው ባዶውን ሆኖ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት 700 ኪሎ ነው እንበል። 10 ኩንታል ስትጭኑ ጭነቱ በሙሉ በኋላ እንዳረፈ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ለደኅንነት ሲባል አብዝቶ መቁጠር ይሻላል። 700 እና 1,000 ሲደመር 1,700 ኪሎ ይሆናል። ለሁለት ሲካፈል በአንድ ጎማ 850 ኪሎ ነው። “ሲ” የሌለው ጎማ ከአቅሙ በላይ 100 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። “ሲ” ያለው ግን ገና 180 ኪሎ ይተርፈዋል። ይህ ትርፍ የሚባክን አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የሚቋቋምበት ነው።

በጭነቱ ላይ አራት ሰው ብትጨምሩ ደግሞ ወደ 280 ኪሎ ይጨመራል። ያኔ በአንድ ጎማ 990 ኪሎ ስለሚሆን ጠንካራው ጎማ እንኳ የሚተርፈው 40 ኪሎ ብቻ ነው። የቀን ሠራተኞችን በጭነት ላይ አታሳፍሩ። ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚወድቀው ከላይ ያለው ሰው ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጠንካራ ጎማ መግጠም የመኪናውን አቅም አይጨምርም፤ ባሌስትራው፣ ፍሬኑና ሻንሲው የየራሳቸው ወሰን ስላላቸው በሊብሬው ላይ ከተፈቀደው በላይ አትጫኑ። ሁለተኛ፣ ደካማ ጎማን በነፋስ አብዝቶ መንፋት አቅሙን አያሳድገውም፤ ይበልጥ ያደርቀውና ድንጋይ ሲመታ በቀላሉ እንዲቀደድ ያደርገዋል።

4. የበሩ ልክ በገበያ ከጠፋ

አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ልክ አይገኝም። ያኔ አማራጩን በቁመቱ መዝኑት። የጎማ ሙሉ ቁመት የሚገኘው የጎኑን ቁመት ሁለት ጊዜ በመደመርና ቸርኬውን በመጨመር ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ለምሳሌ 265/65 አር 17 ስንወስድ የ265 65 በመቶ 172 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ 344 ይሆናል። 17 ኢንች 432 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቅላላ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

• በምትኩ 245/70 አር 17 ቢቀርብላችሁ ቁመቱ 775 አካባቢ ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመሸከም አቅሙ ካላነሰና ለቸርኬያችሁ ስፋት የሚስማማ ከሆነ መውሰድ ይቻላል።
• 265/70 አር 17 ቢቀርብላችሁ ግን ቁመቱ 803 አካባቢ ነው። ከ3 በመቶ በላይ ይረዝማል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 80 ሲል እናንተ የምትነዱት ወደ 83 ነው። በዳገት ላይ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ጭነት ሲኖርና መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊነካካ ይችላል።

ከዋናው ልክ ከ3 በመቶ በላይ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ጎማ አትውሰዱ። ልክ ስትቀይሩም አራቱንም ቀይሩ።

5. የጎማው ዕድሜ

በጎማው ጎን “ዲ ኦ ቲ” ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓመቱን ያሳያሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አራት አኃዙ በአንደኛው ጎን ካልታየ ጎማውን ገልብጣችሁ በሌላው ጎን ፈልጉት።

ጎማ መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ጥሩ ቢሆንም እንዲወገድ ይመክራሉ። ስለሆነም “አዲስ ነው፣ ተነድቶ አያውቅም” መባሉ ብቻውን አይበቃም።

ያገለገለ ጎማ ከመግዛት መቆጠብ ይመረጣል። ግድ ከሆነ ጎኑ የተጠገነ፣ ያበጠ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ጥርሱ በምላጭ እንደ አዲስ የተቀረጸ አትግዙ። በምላጭ የተቀረጸ ጎማ ከላይ ጥርስ ያለው ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሽቦውን የሚሸፍነው ጎማ ሳስቷል።

6. የጥርስ ዓይነት

“ኤች ቲ” የሚል ለአስፋልት፣ “ኤ ቲ” ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ፣ “ኤም ቲ” ለጭቃ የተሠራ ነው። አብዛኞቻችሁ ከማሳ እስከ ዋናው መንገድ በጠጠር፣ ከዚያ በአስፋልት ስለምትሄዱ “ኤ ቲ” ይስማማችኋል። ዋልካ አፈር ባለበት ቀበሌ በክረምት የምትነዱ “ኤም ቲ” ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ሆኖም በአስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይም ፍሬን ስትይዙ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል።

7. አገጣጠምና አያያዝ

ቁመታቸው ያልተመጣጠነ በሬዎችን አንድ ቀንበር ላይ ብትጠምዱ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ጎማም እንዲሁ ነው።

• በአንድ አክስል ላይ ልኩ፣ ዓይነቱና ጥርሱ የተለያየ ጎማ አትግጠሙ። ራዲያልና ራዲያል ያልሆነ አታቀላቅሉ።
• በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ የፊትና የኋላው ቁመት ከተለያየ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጎዳሉ።
• ሁለት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ አዲሶቹን በኋላ ግጠሙ። ጭነቱ ያለው እዚያ ነው፤ የኋላው ሲንሸራተትም መኪናውን መቆጣጠር ይከብዳል።
• ስኮርታውም ልኩና አቅሙ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን።
• ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ማለዳ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ነው። መጠኑን ከበሩ ላይ ውሰዱ። በጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም።
• ነፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ሲኖር ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ከዚያም ይፈነዳል። እንደ አባይ በረሃ ያለ ረጅምና ሞቃት ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ለኩ፤ ስትወርዱም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ያዙት።
• ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ።
• በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያኔ ጎማው አብቅቷል። ለክረምት ግን እስከዚያ አትጠብቁ።

ማጠቃለያ

ጎማ ቤት ስትደርሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከጎማው ጎን አንብቡ። ልኩ ከበሩ ጋር አንድ ነው? የመሸከም መለያው ስንት ነው፣ ከመኪናውስ አያንስም? በስንት ዓመት ተመረተ? አንዱን እንኳ ካላገኛችሁ ጎማው ምንም ቢረክስ ትታችሁ ውጡ። በሁለት ጎማ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ በአንድ ቀን ከሚጠፋው ጭነት፣ ይልቁንም ከሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የተግባር ልምምድ

በቡድን ሆናችሁ ከመካከላችሁ የአንዱን ፒካፕ መርምሩ።

1. በበሩ ላይ ያለውንና በአምስቱ ጎማዎች ላይ ያለውን ልክ ጻፉ። የሚለያይ አለ?
2. የእያንዳንዱን ጎማ የመሸከም መለያና የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት መዝግቡ።
3. ባለቤቱ በገበያ ቀን የሚጭነውን ኩንታል ጠይቁና በአንድ የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈውን ኪሎ አስሉ። ጎማው ይችለዋል?
4. ያገኛችሁትን ለሌሎች ቡድኖች አቅርቡ፤ ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱም መኪና ላላቸው ጎረቤቶቻችሁ አሳዩ።