በአንድ ቲዩብ ሩቅ አገር ማዳመጥ

ቤት ውስጥ ከሚሠሩ የአጭር ሞገድ መቀበያዎች መካከል ዕድሜ የጠገበው ሪጄኔሬቲቭ የሚባለው ነው። ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1912 የደረሰበት፣ ገና የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነበር። ሊ ደ ፎረስት ቀደም ብሎ የፈለሰፈው ኦዲዮን የተባለ ቲዩብ እስከዚያ ድረስ ብዙም አያጎላም ነበር። አርምስትሮንግ ከቲዩቡ መውጫ (ፕሌት) ከሚገኘው ጉልበት ከፊሉን በትንሽ ጥቅል ሽቦ ወደ መግቢያው (ግሪድ) መለሰው። የተመለሰው ጉልበት በመቃኛው ጥቅል የሚባክነውን ስለሚተካ አንዷ ቲዩብ የብዙ ቲዩቦችን ሥራ ትሠራለች፤ ጣቢያን ከጣቢያ የመለየት አቅሟም አብሮ ይጨምራል። በፈጠራው ባለቤትነት ላይ የተነሣው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ። እኔ ግን ክብሩ የሚገባው ለአርምስትሮንግ ነው እላለሁ።

አርምስትሮንግ ፈጠራውን በደረሰበት ዘመን ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ለረጅም ርቀት አይረባም ተብሎ ለአማተሮች የተተወ ነበር። እነሱ ግን በ1923 ኅዳር ወር ከአሜሪካ ፍሬድ ሽኔልና ጆን ራይናርትዝ፣ ከፈረንሳይ ሊዮን ደሎይ ሆነው 100 ሜትር አካባቢ ላይ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። አጭር ሞገድ ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ ወደ ምድር ስለሚመለስ ሩቅ ይደርሳል። ከ1965 ጀምሮ የሚተላለፈውን የዶቼ ቬለ አማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ያዳመጠ ሰው ድምፁ ሲርቅና ሲቀርብ ያውቀዋል፤ ሰበቡ ይኸው ነው።

ለጀማሪ የምመክረው 1ቲ4 የተባለችውን ትንሽ ቲዩብ ነው። ለማሞቂያዋ አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃታል፤ ለፕሌቷ ደግሞ አምስት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 45 ቮልት ይሰጣሉ። ከግድግዳ መብራት በትራንስፎርመር የሚሠሩት ዓይነቶች ሰው ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ስላላቸው ለመጀመሪያ ሥራ አይሆኑም።

ቀሪው ሥራ ያለው መቃኛው ጥቅል ላይ ነው። 3 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 14 ዙር ያህል ሽቦ ሁለት ሳንቲሜትር እንዲይዝ ይጠቀለላል። 140 ፒኮፋራድ የሆነ ተለዋዋጭ ካፓሲተር ሲጨመርበት የ49 እና የ31 ሜትር ባንዶችን ይሸፍናል። ጉልበት የሚመልሰው ጥቅል አራት አምስት ዙር ሆኖ ከጎኑ ይቀመጣል። ሬዲዮው ጸጥ ካለ ብዙ ጊዜ መፍትሔው የዚህን ጥቅል ሁለት ጫፎች ማቀያየር ነው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተገናኘ ምልክቱን ያዳክመዋልና። የፊት መሸፈኛው ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ እጅ በቀረበ ቁጥር ጣቢያው ይሸሻል።

ትልቁ ጥበብ ግን የሚመለሰውን ጉልበት መጠን የሚቆጣጠረው ማዞሪያ አያያዝ ነው። ቀስ እያሉ ሲጨምሩት ሹሹታው ይደምቃል፤ ከዚያ ድንገት ቲዩቧ ራሷ ሞገድ መፍጠር ትጀምርና ፉጨት ይነሣል። ንግግርና ሙዚቃ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከዚያች ነጥብ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ሞርስ ግን ጥቂት አለፍ ሲሉ ይወጣል። አብዝቶ ማለፍ መቀበያውን ማሰራጫ ያደርገዋል፤ የጎረቤት ሬዲዮም ይረበሻል። የዘመኑ የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ቢሰካ ድምፁ ደካማ ስለሚሆን፣ በመካከል ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ያስፈልጋል።