አድራሻ የሌለው ሕመምተኛ

ሕመሙ በድንገት ይጀምራል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል። ከቀናት በኋላ ይለቅና ሰውየው ዳንኩ ብሎ ወደ ሸክሙ ይመለሳል፤ ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንደገና ይጥለዋል። በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ይህ አገርሺ ትኩሳት ከአብዛኛው ዓለም ጠፍቷል። በኢትዮጵያ ግን ዛሬም አለ፤ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበትና ልብስ ማጠብ በማይመችበት ቦታ ክረምት ሲገባ ይበረታል።

በአዲስ አበባው ትልቅ ገበያ በመርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነው። ጭነት የሚያወርዱ ወጣቶች፣ በምን አለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረትና ፕላስቲክ የሚለቃቅሙ ልጆች፣ ከአውቶብስ ተራ ወርደው ማደሪያ የሚያፈላልጉ አዲስ መጪዎች በርካሽ ክፍል ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተው ወይም በረንዳ ላይ ያድራሉ። አንዱ ታሞ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ መድኃኒት ያገኛል። የበሽታዎች ቅኝት ባለሙያው ግን እሱን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የተኙትንም ይፈልጋል። መዝገቡ የሚጠይቀው ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። በረንዳ የቤት ቁጥር የለውም።

የቅኝት ሥራ ሲታይ የወረቀት ሥራ ይመስላል። አገርሺ ትኩሳት፣ ወባ፣ የማጅራት ገትርና ሌሎችም በየሳምንቱ ይቆጠራሉ። ኮሌራ፣ ኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ጥርጣሬ ያለበት ድንገተኛ ሽባነት ከታየ ግን ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ማሳወቅ አለበት። አንድም ሕመምተኛ ባልታየበት ሳምንት እንኳ ዜሮ ተብሎ ይላካል፤ ባዶ የተተወ ቦታ በሽታው አለመኖሩን ሳይሆን አለመታየቱን ሊያመለክት ስለሚችል ነው።

ይህን ልዩነት የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ታሪክ በቁጥር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሀገሪቱ ሪፖርት ያደረገችው 722 ሕሙማን ብቻ ነበር። የማጥፋቱ ዘመቻ በጀመረበት በ1971 ቁጥሩ 26,329 ደረሰ። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አልተባዛም፤ ቀድሞም ነበረ፣ የሚፈልገው ሰው ነበር የጠፋው። ፈላጊዎቹ ሕመምተኛ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። በእግርና በበቅሎ ተጉዘው፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ገብተው የታማሚ ፎቶግራፍ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። የሀገሪቱ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 1968 ባሌ ውስጥ ተገኘች።

ገበያ የተመረጠው ወሬ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ስለሆነ ነው። ታዲያ ከመርካቶ የበለጠ ገበያ ከየት ይመጣል? ሆኖም ዛሬ ባለሙያው የሚቀመጠው በአብዛኛው ከሪፖርቱ ጋር ነው። ሠራተኛው ጥቂት፣ ቅጹ ብዙ ስለሆነ በእሱ አይፈረድም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ መሆኑ ታወቀ። የአውሮፕላን መንገደኛ ፓስፖርትና የመቀመጫ ቁጥር ስላለው ንክኪውን መከተል ይቻላል። ብዙ ሳይቆይ ግን መርካቶ የሚገኝበት አዲስ ከተማ ብዙ ሕሙማን ከተመዘገቡባቸው ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነ። የበርበሬ ተራ ነጋዴ በአንድ ቀን ከስንት ሰው ጋር ብር እንደተቀባበለ ራሱም አያውቅም። ደንበኛውን የሚያስታውሰው «የደሴው»፣ «የጅማው» ብሎ ነው።

ይህ ትውስታ ግን ትልቅ ሀብት ነው። የትኛው ተሸካሚ ሦስት ቀን እንደጠፋ ቀድሞ የሚያውቀው የጫኝና አውራጅ አለቃው ነው፤ ማን ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ ክፍሉን የምታከራየው ሴት ታውቃለች። የጤና ሥርዓቱ የማኅበረሰብ ቅኝት የሚለው እነዚህን ሰዎች ካላካተተ መርካቶ ላይ ጎደሎ ነው። ለእነሱ የሚደውሉበት ቁጥርና ስልኩን የሚያነሳ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ በመዝገቡም ላይ ከቤት ቁጥሩ ጎን «የት ያድራል? ከማን ጋር ይሠራል?» የሚል ቦታ ይጨመር።